ክዳኑ ኪሴ ውስጥ ሳለ የጮኸው ደወል

አዳማ ያኔ ናዝሬት አትባልም ነበር። ባቡር ጣቢያው፣ ጣቢያውን ተደግፈው የቆሙ ጥቂት ሱቆች፣ ከዚያ ወዲያ ግራርና አቧራ፤ ከተማ የምንለው ይኸንኑ ነው። እኔ እዚያ የደረስኩት የባቡሩን የስልክ ሽቦ ከሚጠግኑ ሰዎች ጋር እንጨት ተሸክሜ ነው። አለቃችን ፈረንጅ ነበር። ስድስት ዓመት መሰላል ያዝኩለት። አንድ ቀን እንኳ «ይኸ እንዲህ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው» ብሎኝ አያውቅም፤ ሽቦ ሲያገናኝ ጀርባውን ይሰጠኛል። ስለዚህ ሰረቅኩት። ዕቃውን አይደለም፣ እጁን። በብብቱ ሥር እያጮለቅኩ ተማርኩ። ሰው ሙያውን ለምን እንደሚደብቅም የገባኝ ከእሱ ነው።

ፈረንጁ አገሩ ሲገባ አንድ አሮጌ የጣቢያ ደወል፣ ጥቂት ጥቅል ሽቦና አራት የብርጭቆ ማሰሮ ጥሎልኝ ሄደ። ማሰሮዎቹ ውስጥ ውኃና አንድ ዓይነት ነጭ ጨው ይጨመርና ሁለት ዘንግ ይነከርባቸዋል፤ ኤሌክትሪኩ የሚወጣው ከዚያ ነው። ባትሪ ማለት ለኛ ይኸ ነበር።

አሰብኩት። የደህና ሰው ቤት ሁሉ እልፍኙ ወዲህ፣ ማድ ቤቱ ወዲያ ነው። ጌታው ውኃ ሲጠማው በረኛውን ይጠራል፣ በረኛው ግቢው መሃል ቆሞ ይጮኻል፣ ማድ ቤት ያለችው ደግሞ «አልሰማሁም» ትላለች። በእልፍኝ አንድ የምትጫን ቁልፍ፣ በማድ ቤት አንድ ደወል፣ በመሃል ሽቦ ቢሆን ይኸ ሁሉ ጩኸት ይቀራል። ይህን በሰው ቤት የሚያስገባ ሰው ከድሬዳዋ ወዲህ የለም። የባቡሩን ሥራ ተውኩ። የሥራ ጓደኞቼ ሳቁብኝ፤ አንዱማ ገና ሳልጀምር እንጨት ተሸካሚነትህን ላስቀምጥልህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

የመጀመሪያው ቤት የአንድ ባላምባራስ ቤት ሆነ። ሚስታቸው፣ እሜቴ የምንላቸው፣ ከበቅሎ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ አልጋ ላይ ከዋሉ ዓመት አልፏቸዋል። ቀኑን ሙሉ ተኝተው ስፌት ይሰፋሉ፤ ድምፃቸው ደክሞ ጣራውን እንኳ አያልፍም። ሌሎች ሦስት ሰዎችም ነበሩ፦ የሞጆው ቆዳ ነጋዴ፣ የኬላው ሹምና አንድ ሆቴል ያለው ግሪክ። ሦስቱም ያሉኝ አንድ ነገር ነው፤ የባላምባራሱ ቤት ደወል ከሠራ እኛም እናስገባለን፣ ካልሠራ ደጃችን አትምጣ። ሥራዬ እዚያች አንዲት ቤት ላይ ተንጠልጥላ ነበር ማለት ነው። ብትበላሽ ወደ እንጨት ተሸካሚነቴ።

ሽቦውን ስዘረጋ ባላምባራሱ ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ። ጫፉ የት ነው የሚደርሰው? እልፍኜ ውስጥ የማወራው ጣቢያ ድረስ አይሄድብኝም? አይሄድም አልኳቸው። ለምን እንደማይሄድ ግን አልነገርኳቸውም። አንድ ሰው ለምን እንደማይሄድ ከገባው፣ እንዴት እንደሚሄድም ይገባዋል ብዬ ነው።

ከሁሉ የከፋብኝ በረኛው ነው። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ የአርሲ ሰው ነው፣ ረጅም፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚሄድ። በዚያ ቤት እሱ የሚበላው በጉሮሮው ነበር፤ እሜቴ ሲጠሩ ሰምቶ ወደ ማድ ቤት የሚጮኸው እሱ ነው። ደወሉ ሲገባ ለሱ ምን ይቀራል? መሰላሉ ላይ ስወጣ ከሥር ቆሞ «ማሊ ኩን?» ይለኛል፤ ምንድን ነው ይኸ ማለቱ ነው። ሥራህን ሥራ እለዋለሁ። በማግስቱ እዚያው ቆሞ ይጠብቀኛል። እኔ ራሴ ስድስት ዓመት እንዲህ ቆሜ ስለሰረቅኩ፣ የሚያይ ዓይን ምን እንደሚሠራ አውቃለሁ።

ስለዚህ ተጠነቀቅኩ። ማሰሮዎቹን በረንዳው ላይ በሳጥን ቆለፍኩባቸው። የምትጫነዋን የደወል ቁልፍ ደግሞ በራሴ መላ ሠራኋት። በእሜቴ አልጋ ራስጌ፣ በትንሽ ጣውላ ላይ የሽቦው ሁለት ጫፎች የታሰሩባቸው ሁለት የናስ ቁራጮች ጎን ለጎን መታሁ፤ ሳይነካኩ። ክዳኗ የእንጨት ናት፣ ከሆዷ ሥር ሦስተኛ የናስ ቁራጭ አላት። ክዳኗን ገጥመህ ስትጫናት ሁለቱን ታገናኛቸዋለች፣ ደወሉ ይጮኻል። ክዳኗን ካወጣሁ ቤቱ ሙሉ በጣቱ ቢነካው ደወሉ ትንፍሽ አይልም። ከግቢው ስወጣ ክዳኗን ኪሴ ከትቼ ነው የምወጣው። ማታ ከቤቱ አንዱ እንዳይሞክራትና ያለኔም ትሠራለች እንዳይል ነው።

በአራተኛው ቀን ሥራው አልቋል፤ አላለቀም እላቸው ነበር። ሦስቱ ሰዎች እሑድ እንዲመጡ መልእክት ልኬያለሁ፤ በፊታቸው ክዳኗን ገጥሜ ላስጮኸው። ያ አራተኛው ቀን የወሩ አሥራ ሁለት፣ ሚካኤል ነበርና የቤቱ ንስሐ አባት ጸሎት ሊያደርሱ መጡ። እኔ ማድ ቤት ነበርኩ፤ የደወሉን መዶሻ እያቃናሁ። ወጥ ቤቷ ዱቄት ትነፋለች።

ደወሉ ጮኸ።

ኪሴን ዳበስኩ። ክዳኗ አለች። ደወሉ ግን አፍንጫዬ ሥር እንደ ጣቢያው ደወል ይንጫጫል። ወጥ ቤቷ ወንፊቱን ጥላ ወጣች። እኔ ሰይጣን አላሰብኩም፣ እግዜርንም አላሰብኩም። ያሰብኩት በረኛውን ነው። ሌላ ክዳን ሠራ አልኩ፤ አየና ሠራ። ግቢውን በሩጫ አቋርጬ እልፍኝ ገባሁና የበረኛውን ጋቢ አንገቱ ላይ ጨምድጄ ያዝኩ።

«አምጣት» አልኩት። «የሠራሃትን አምጣት።»

ሰውዬው አፉን ከፍቶ ያየኛል። ዘወር ስል ቤቱ በሙሉ ተንበርክኳል። ባላምባራሱ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። መምሬ በእሜቴ ራስጌ ናቸው፣ የብረት መስቀላቸው በእጃቸው። ለካ በረኛው አዲስ ነገር ገብቷልና ይባርኩልን ብሏቸው መስቀሉን ጣውላዋ ላይ አሳርፈውበታል።

«መስቀል ሲነካው ጮኸ» አለች አንዷ ሴት ከበር ላይ። «ሲያነሱት ዝም አለ።»

ባላምባራሱ እኔን አዩኝ። ይነቀል አሉ። ይነቀልና እሳት ይግባ፤ ይህን ያስገባውም ሰው ይጠመቅ፣ ከዚያ ከግቢዬ ይውጣ። ቃላቸው ይኸው ነበር።

እንግዲህ እዚያ ቆምኩ። ሁለቱ ናሶችና መስቀሉ ምን እንዳደረጉ አንዴ ሳይ ገብቶኛል። መናገር ነበረብኝ። ግን በረኛው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሟል፤ ብናገር ሙያዬን በሙሉ በአንድ አረፍተ ነገር ይወስዳታል። ዝም ብል ደግሞ ሽቦዬ እሳት ይገባል፣ እሑድ የሚመጡት ሦስቱም ወሬውን ሰምተው ከመንገድ ይመለሳሉ። ሁለቱንም አየኋቸውና ዝም አልኩ። መሰላል ስይዝ የኖርኩት ስድስት ዓመት አፌን ይዞኝ ይሆናል።

የተናገሩት መምሬ ናቸው። ቆይ እስኪ ብለው መስቀሉን በእንጨቱ ላይ አሳረፉ፤ ዝም። በአንደኛው ናስ ላይ፤ ዝም። በሁለቱ ላይ ሲያጋድሙት ከወዲያ ማድ ቤቱ ተንጫጫ። ከዚያ መስቀላቸውን ተሳልመው ወደ እቅፋቸው መለሱ። እሜቴ የሚሰፉበትን ወስፌ ተቀበሉና በሁለቱ ናሶች ላይ አጋደሙት። ደወሉ ጮኸ።

እሜቴ ሳቁ። ዳሌያቸውን ይዘው ሳቁ።

«ሰይጣን ወስፌም ይፈራል እንዴ አባቴ?»

መምሬ ግን አልሳቁም። ወደ እኔ ዞረው፦

«አንተ ሰው፣ የሚያስጮኸው ብረት መሆኑን ብትነግረን ምን ይጎልብህ ነበር?»

ይጎልብኝ ነበር። ጎደለብኝም። በረኛው ወስፌዋን ከመምሬ እጅ ተቀብሎ ራሱ ሞከራት፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። የያዝኩትን ጋቢ የለቀቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ደወሉ አልተነቀለም። ባላምባራሱ ግን ያለ አንተ ቤቴ ዱዳ እንዳይሆን፣ አያያዙን ተናገርና መምሬ ይጻፉት፣ የሳጥኑንም መክፈቻ አስረክብ አሉ። እኔ ያኔ ፊደል አላውቅም። ተናገርኩ። ውኃው ሲጎድል ይጨመር፣ ዘንጎቹ በወር አንዴ ይታጠቡ፣ ሽቦው ላይ ልብስ አይሰጣ። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጨመርኩ፤ በረኛው አጠገቡ እንዳይደርስ፣ እጁ ሌባ ነው። መምሬ ብዕራቸውን አንስተው አዩኝ።

«ይህም ይጻፍ?»

«ይጻፍ።»

አውራ ጣቴን በቀለም ነክሬ አተምኩበት። ወረቀቱ በረንዳው ላይ፣ ከሳጥኑ በላይ ተሰቀለ። እሑድ ሦስቱ ሰዎች መጡ፣ በወስፌ ሲጮኽ አዩ፣ ሥራ ሰጡኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔን የበላኝ ግን ወረቀቱ ነው። ምን ጽፈውብኝ ይሆን? ያልኩትን ነው ወይስ የፈለጉትን? ያተምኩበትን ነገር አላውቀውም።

ሞጆ ላይ የነጋዴውን ቤት ስሠራ ማመልከቻ የሚጽፍ አንድ ሽማግሌ አገኘሁና ሀ ሁ ጀመርኩ። ሠላሳ ዓመት አልፎኝ ነበር። ሌላው ሰው ዳዊት ለመድገም ይማራል፤ እኔ አንድ ወረቀት ለመመርመር ተማርኩ። በግሪኩ ሆቴል፣ ቢሾፍቱም በሁለት ቤት ደወል አስገባሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከባላምባራሱ ቤት የጠራኝ የለም። በዚያ ሐሩር ውኃው በሦስት ወር ይደርቃል፤ ወረቀት ደግሞ ብቻውን ውኃ አይጨምርም። ዓመት ሙሉ ካልጠሩኝ የሚጠግን ሰው አለ ማለት ነው። የሚጠግን ካለ ደግሞ ለጎረቤትም እያስገባ ነው። በረኛው ነው አልኩ። ማንበብ እንደቻልኩ በባቡር ወደ አዳማ ተመለስኩ።

በረኛው በረንዳው ላይ ነበር። ሳጥኑ ተከፍቷል። ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ እያወጣ በጨርቅ ይወለውላል፤ ውኃው በልኩ ነው፣ ዘንጎቹ ንጹሕ ናቸው፣ እኔ ከተውኳቸው ይበልጥ ንጹሕ። በሌላ ሰው ቤት አስገብተህ ታውቃለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። አንድ ቤት ይበቃኛል አለ። ለምን ትደክማለህ፣ ሥራህን አይደል የወሰደብህ አልኩት። እሜቴ ቢጠሩና ባይሰማስ አለኝ። አላመንኩትም።

ቀና ብሎ ወደ ወረቀቱ አመለከተኝ።

«ፊደል ቆጠርክ አሉ። እስኪ አንብብልኝ።»

ቀረብኩና አነበብኩ። እየተንተባተብኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ውኃው ሲጎድል ይጨመር። ዘንጎቹ በወር አንዴ ይታጠቡ። ሽቦው ላይ ልብስ አይሰጣ። ቃል በቃል የኔው ነው፤ መምሬ አንዲት ፊደል አልጨመሩም፣ አንዲት ፊደል አልቀነሱም። ስለ እጁ ያስጻፍኩት የመጨረሻው መስመር ላይ ደረስኩ። ዓይኔ አነበበው፣ አፌ አላወጣውም። «ከታች የኔ ጣት ነው» ብዬ ጨረስኩ።

በረኛው የመጨረሻውን ማሰሮ ወልውሎ በቦታው አስቀመጠና ሳጥኑን ዘጋ።

«መምሬ ሲያነቡልኝ አንዲት መስመር ትበልጥ ነበር» አለ።

ማድ ቤት ደወሉ ጮኸ፤ እሜቴ ናቸው፣ በወስፌያቸው። ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣለና ምን እንደፈለጉ ለማየት ወደ እልፍኝ ገባ። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ያልመለስኳትን ክዳን ኪሴ ውስጥ እንደያዝኩ ወረቀቱ ፊት ቆሜ ቀረሁ።