ሁለቱም ቀይ መሆን ነበረባቸው

ወገዳ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ቤተ ሙከራችን የእኔ ስልክ ነው። ብርጭቆ ውስጥ የተሰበረ የሚመስል እርሳስ፣ ከጣሪያ ቆርቆሮ ጫፍ የተንጠለጠለ የውሃ ጠብታ፣ ምን የማላነሣው አለ! ከዚያ ስልኩ ከዴስክ ወደ ዴስክ ይዞራል። ተማሪዎቼ ከመጽሐፉ ይልቅ ፎቶውን ያምናሉ።

ስለ ብርሃን ነጸብራቅ ለማስተማር ያሰብኩት ቀላል ነገር ነበር። ጨለምለም ባለ ቤት በፍላሽ ፎቶ ስንነሣ ዓይናችን ለምን ቀይ ይሆናል? ብርሃኑ በብሌናችን ገብቶ፣ ከዓይን ጀርባ ያለውን ደም የበዛበት ክፍል ነክቶ ስለሚመለስ ነው። ለማሳያ ዓመት ተመንፈቅ የሆናትን ልጄን መረጥኩ። ችግሩ አማቴ ናቸው። አብረውን ነው የሚኖሩት፤ ልጅቱ ከተወለደች ጀምሮ "ቡዳ እንዳይበላት፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ፎቶ የሚባል ነገር እንዳላይ" ብለው አውጀዋል። እኔ የሳይንስ መምህሩ አንድ ሰሞን ተከራከርኩ፤ ከዚያ ለቤቱ ሰላም ስል ዝም አልኩ። ያን ዕለት ግን እሳቸው ቤተ ክርስቲያን እንደሄዱ መስኮቱን ዘግቼ ሦስት ጊዜ አነሣኋት። የቀኝ ዓይኗ ቀይ ሆኖ ወጣ። የግራው ነጭ ነው። "ርካሽ ስልክ!" አልኩና ተውኩት።

በማግስቱ ስልኩ ሲዞር ሦስተኛው ዴስክ ላይ ቆመ። ጫፍ ላይ የምትቀመጥ ተማሪ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ሁለቱም ቀይ መሆን የለባቸውም? የግራው ለምን ነጭ ሆነ?"

"ማዕዘኑ ነው" አልኩ። ክፍሉ በሙሉ አቀርቅሮ "ማዕዘኑ ነው" ብሎ ጻፈ።

እሷ ግን አልጻፈችም። "እንግዲያው እኛን ያንሱንና እንየው" አለች። የነገሯችሁን ሁሉ አትመኑ፣ ሞክሩት እያልኩ ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ። የቆርቆሮ መስኮቶቹን ዘጉ። ፊት ለፊት፣ ዞር ብለው፣ አንገታቸውን አዘንብለው፣ ሦስት ሦስት እየሆኑ አነሣኋቸው። ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ። አንድም ነጭ የለም። እነሱ ይስቃሉ። እኔ ጠመኔውን አስቀምጬ ደወሉ ሳይደወል ወጣሁ።

ቤት ደርሼ ለባለቤቴ አሳየኋት። አማቴም ሰሙ። "አላልኋችሁም?" ይላሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ልጅቱን አንሥተው በሩ ላይ ባለው ብርሃን ዓይኗን አዩ፣ ደግመው አዩ። "ምንም የለባት" አሉ። ልጅቱን ግን ከእጃቸው አላወረዷትም።

በዚያ ሰሞን መንገድ ተዘግቶ ነበር፤ ለምን እንደተዘጋ መጠየቅ ትተናል። አራት ቀን መኪና ጠበቅን። የዚያን አራት ቀን ያህል በዕድሜዬ ፈርቼ አላውቅም። የቀኝ ዓይኗን በእጄ ሸፍኜ ብስኩት ሳሳያት እጄን እየገፋች ታለቅሳለች። የግራውን ስሸፍን አታለቅስም፤ ብስኩቱን ቀጥ ብላ ትቀበለኛለች። ሁለት ጊዜ ሞከርኩት። ከዚያ በኋላ መሸፈኑንም ፈራሁ።

ጎንደር ስንደርስ ሐኪሙ በመብራት ለረዥም ጊዜ ካያት በኋላ "ከእነዚህ ፎቶዎች በፊት የተነሣችው ሌላ አለ?" ብሎ ጠየቀኝ።

"የለም።"

ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጻፈ። ነጭ ሆኖ የወጣው ዕጢ ነው፤ ወደ ጭንቅላቷ ሳይዘልቅ ዓይኗ መውጣት ነበረበት። ወጣ። ቀደም ብሎ ታይቶ ቢሆን ይተርፍ እንደነበር አልጠየቅኩም። መልሱን ፈርቼ ነው። አማቴም አልጠየቁም።

ክፍል ስመለስ መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር "ማዕዘኑ ነው" የሚለውን ማሰረዝ ነበር። ምክንያቱንም ነገርኳቸው። የዚያን ቀን የሳቀ የለም።

የቀረው ዓይኗም ሊያዝ ይችላል ተብለናል። ለምርመራ በየጊዜው ጎንደር እንመላለሳለን፤ እስከዚያው ግን እሑድ እሑድ አማቴ ከቅዳሴ ሲመለሱ ነጠላቸውን ሳያወልቁ መስኮቱን ራሳቸው ይዘጋሉ። ልጅቱን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው አገጯን ቀና ያደርጋሉ።

"አንሳት" ይሉኛል።

አነሣታለሁ።

"ቀይ ነው?"

"ቀይ ነው፣ እማማ።"

ስልኩን አያዩም። ልጅቱን ጠበቅ አድርገው ይይዙና "እስቲ ድገመው" ይላሉ።