በችሎት አንቱ የለም

አባቴ በአገራቸው ጠበቃ ነበሩ። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ሲያትል መጥተው ሬኒየር ቢች ከሚባል ሰፈር ካለችው አፓርትመንቴ ሲገቡ ግን የሚሟገቱት ሰው አጡ። ከቴሌቪዥኑ ጋር ይጨቃጨቁ ጀመር፤ እሱ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው የሚመልስላቸው።

ያኔ ኮሌጅ የአሜሪካ ታሪክ ክላስ ወስጄ ነበር። አንድ እሑድ ለፈተና የማጠናውን ክርክር ነገርኳቸው። "መንግሥት የመንግሥትን ባንክ ግብር ክፈል አለው፤ ባንኩም አልከፍልም አለ።"

"እንዴ! ራሱን የሚከስ ምን ዓይነት መንግሥት ነው?"

ጥፋቱ የኔ ትርጉም ነው፤ ስቴት የሚሉትን ክፍለ ግዛትም ፌዴራሉንም "መንግሥት" ብዬዋለሁ። ሜሪላንድ የምትባል ስቴት፣ የፌዴራሉ ባንክ ግዛቷ ውስጥ ቅርንጫፍ ቢከፍት ግብር ጣለችበት ብዬ ሳስረዳቸው ፊታቸው በራ።

"አሃ! አገረ ገዢውና ንጉሡ ተጣሉ በይኛ!" ብድግ ብለው የሶፋውን ልብስ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ፤ እንደ ድሮ ተሟጋች። "እኔ ሜሪላንድ፣ አንቺ ባንኩ። ተጠየቂ!"

"ልጠየቅ!"

"በግዛቴ የበቀለ ዛፍ ጥላው የኔ አይደለም ወይ?"

"ዛፉ የአገር ሁሉ ነው። በግብር ስም መጥረቢያ ካነሡበት ሌላው የት ይጠለላል? ይጠየቁ!"

"ወዲያ! ይጠየቁ ብሎ ሙግት የት አለ? በችሎት አንቱ የለም። ተጠየቅ በይኝ!"

አባቴን አንተ? ሞቼ ነው ቆሜ! ሳቅኩና ባንኩ እንደረታ ነገርኳቸው።

"ይግባኝ!" አሉ።

"የወሰነው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነው፣ አባባ።"

"ይወስና! አንቺ ተጠየቅ ሳትይኝ ተረታሁ አልልም።"

ብዙም ሳይቆይ ስትሮክ ጣላቸው። ቀኝ ጎናቸውም አንደበታቸውም ተያዘ። ሐኪሙ የሚወዱትን እያነሣሽ አናግሪያቸው አለኝ። አንዲት ቃል፣ አንዲት ብቻ ነበር የፈለግሁት። ስለ ዘመድ አወራሁ፣ ለመንኩ፣ መዝሙር ከፈትኩ። ዓይናቸው ብቻ ከኔ አልተነቀለም።

በመጨረሻ ተነሣሁና የሆስፒታሉን ፎጣ ትከሻዬ ላይ ጣልኩ።

"ተጠየቅ!" አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

ነርሷ በበሩ ብቅ አለች። "ኦኬ ናችሁ?" ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። የአባቴ ከንፈር እየተንቀሳቀሰ ነበር።

"ል..." አሉ። "ል..."

ጆሮዬን አፋቸው ላይ ደፍቼ ጠበቅኩ። እንባቸው ጉንጬን አራሰው፤ ቀሪዋ ግን አልመጣችም። በማግስቱ አረፉ።

ፈተናው ላይ "ማን ረታ?" የሚል ጥያቄ መጣ። "ባንኩ" ብዬ ጻፍኩ። አባቴ ግን ልጠየቅ ሊሉኝ እየታገሉ ነው የሄዱት።