መርዶ ሳይነገር የተቀዳ አልበም

የመጀመሪያ አልበማችንን የቀዳነው ካናዳ፣ ክሬሰንት ታውን የሚባለው ሰፈራችን፣ እኔ መኝታ ቤት ውስጥ ነው። ባንዱ ሦስት ሰው ነበር፤ እኔ ጊታርና ድምፅ፣ ሁለቱ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ቤዝና ድራም። ድራም ስል አንድ ትንሽ ከበሮና የእናቴ ትልቁ ሻንጣ ማለቴ ነው። ፓንክ አይደል፣ ከዚያ በላይ ምን ያደርጋል? መቅጃ ማሽኑን የተዋስነው ለአንድ ሳምንት ነበር፤ ቅዳሜ ይመለሳል።

እናቴ ጊታሩ እንዲሰበር ሳትሳል አልቀረችም። አባቴማ አስር ሰዓት ላይ ከፋብሪካ ሲገባ በሬን በቡጢ እየነረተ «ይሄን ቆርቆሮ ዝጉልኝ!» ይላል። እኔም አላርፍ፤ «ይሄ ካናዳ ነው፣ የእናንተ ባህል አይገባኝም» እለዋለሁ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ። በንዴት ላይ ንዴት ነበር ቤታችን።

ማክሰኞ ከጓደኞቼ ጋር ስገባ እናቴ ኩሽና ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች። ከአዲስ አበባ ኮል አድርገውላት ነው። የአባቴ ታላቅ እህት፣ እናቱ ሞታበት ያሳደገችው፣ አርፋለች።

«ቅዳሜ ማለዳ ሽማግሌዎች መጥተው ያረዱታል። እስከዚያ እንዳይነቃ!»

«ለምን ዛሬ አይነገረውም?»

«መርዶ ደንብ አለው። ሰው ይሰብሰብ እንጂ! በአዘቦቱ ሁሉም ሺፍት ላይ ነው።»

ጊታሬን ወደ ሳጥኑ ልመልስ ስል ቱግ አለች። «ምን ሆነሃል? ዛሬ ዝም ካላችሁ ይጠረጥራል። በሉ አንኳኩ!»

ስንት ወር ለምኜ የተከለከልኩት ጩኸት አሁን በትእዛዝ! ነገሩን ለጓደኞቼ በእንግሊዝኛ ስነግራቸው ድራም መቺው «ለምን ዝም ብለው አይነግሩትም?» አለኝ። ምን ብዬ ላስረዳው? እኔም የጠየቅኩት ያንኑ ነው። ማይኩን ያዝኩና ድምፄ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ።

ሐሙስ ዕለት አባቴ ገብቶ ቡጢውን ሲያነሳ፣ እናቴ ከኩሽና «ተዋቸው፣ ልጆች ናቸው፣ ይጫወቱ» አለችው። ጉድ በሉ! ይሄኔ ነው መጠርጠር። እሱ ግን ግራ ገብቶት ዘለቀና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አንድ ዘፈን ሙሉ ሰማ።

«ጆሮ ይበሳል» አለ። ከዚያ ፈገግ ብሎ «ካሴቱ ሲያልቅ አንዱን ለእትዬ እንልክላታለን። ልጅ ሆኜ ጣሳ ስደበድብ የምታጨበጭብልኝ እሷ ነበረች» አለኝ።

ጓደኞቼ አማርኛ አይሰሙም። እናቴ ኩሽና ውስጥ ቧንቧውን ከፈተች።

«እሺ አባዬ» አልኩት።

ቅዳሜ ማለዳ ከቶርንክሊፍም ከብሉርም ሰፈር የመጡ ሰዎች ሳሎኑን ሞሉት። አባቴ በፒጃማው ወጥቶ ሲያያቸው፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ ገባው። «ወይኔ እትዬ!» ብሎ ወለሉ ላይ ወደቀ። እኔ በመሀላቸው አልፌ ማሽኑን ልመልስ ወጣሁ። አልበሙ አልቆ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ደራሹ ጋብ ሲል አባቴ ክፍሌ ገባ።

«እሺ ስትለኝ ታውቅ ነበር?»

«እማዬ ናት እኮ...»

«እናትህንም ሽማግሌዎቹንም አልቀየምም። ደንባችን ነው፤ እኔም ስንቱን አርድቻለሁ።» ድምፁ በለቅሶ ተዘግቷል። «ባህላችሁ አይገባኝም ባዩ አንተ፣ አንተ እንኳን ምነው ብትነግረኝ?»