እህቴ ከቤሩት ያመጣችው ጥቁር ሲዲ

እህቴ ከቤሩት ስትመለስ ደብረ ታቦር መናኸሪያ ሄደን የተቀበልናት አባቴና እኔ ነበርን። ከስታለች። ሲያናግሯት ቆይታ ነው የምትመልሰው። ሻንጣዋን ስትፈታ አንድ ሲዲ ከነማጫወቻው ትራሷ ሥር ስትከት አየኋት።

በማግስቱ ገበያ ስትወጣ አወጣሁት። ሽፋኑ ላይ ከንፈሯን ያጠቆረች፣ ጥቁር የለበሰች ፈረንጅ መቃብር ላይ ተቀምጣለች። ከኋላዋ የተሰበረ መስቀል አለ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሳደርግ ጊታሩ እንደ መብረቅ ጮኸ፣ አንድ ወንድ ደግሞ አጓራ። ፈጥኜ ቦታው መለስኩት። ዝምታዋ ከዚህ የመጣ መሰለኝና ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ለአባቴ፣ አባቴ ለንስሐ አባታችን።

ቄሱ እስኪመጡ ሁለት ቀን እህል አልወረደልኝም። ጣራ ገዳም ወስደው ጠበል ቢያስገቧትስ? ብትጮህስ? ቢያስሯትስ? እሷ ምንም ሳታውቅ ጭኗ ላይ አስተኝታ ፀጉሬን ትሠራኛለች። ልንገራት እልና አፌ ይያዛል።

ቅዳሜ ከሰዓት ቄሱ መጡ። አባቴ ሲዲውን ፊታቸው አኖረው። እህቴ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ወዲያው ገባት።

«ይኼ ምንድን ነው ልጄ?» አሏት ቄሱ።

«ዘፈን ነው አባ። የአንድ የሮክ ባንድ የመጀመሪያ አልበም ነው። የአሠሪዬ ልጅ ትርጉሙን ነግራ ሰጠችኝ። በር ቆልፈውብኝ ሲወጡ እሱን ነበር የምሰማ።»

«እስቲ አሰሚኝ።»

ጥምጥማቸውን ከፍ አድርጋ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረገችላቸው። ፊታቸው ተቋጠረ። አባቴ መሬት መሬቱን ያያል። ብዙ ቆይተው፣ «አሁን ጩኸቱ ቆመ። ሴት ብቻዋን ታንጎራጉራለች። ምን ትላለች?» ብለው ጠየቋት።

«ሰው ሞቶባት ነው። ቀብሩ ላይ አልደረስኩም ትላለች።» እናቴንና አባቴን አየቻቸው። «እኔንስ ወንድሜ ሲሞት በስልክ አይደል ያረዳችሁኝ? ማን አብሮኝ አለቀሰ? ይቺ ብቻ ናት።»

እናቴ ደረቷን መታች። ቄሱ ማዳመጫውን አውልቀው ወደ አባቴ ዞሩ።

«ሥዕሉን አልወደድኩትም። ልጅህ ግን ጋኔን የለባትም። እርሟን አላወጣችም። ጎረቤት ጥራና ታልቅስ።»

እሑድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ እስኪመሽ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ መብላትም፣ ከእናቴ ጋር ማውጋትም ጀመረች። እኔን ግን ብዙ ሳምንት አላናገረችኝም። አንድ ቀን ልብስ እያጠብን፣

«ለምን እኔን አልጠየቅሽኝም?» አለችኝ።

«ፈርቼ ነው።»

«እኔን?»

አዎ ማለት አቃተኝ። አጎንብሼ ልብሱን ማሸት ቀጠልኩ።