ወይራው ሥር የጻፍኩት ክስ

አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። በጃንሆይ ዘመን፣ ንፋስ መውጫ ፍርድ ቤት ደጃፍ ካለው ወይራ ሥር ሳጥኔ ላይ ተቀምጬ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ እያለከለኩ መጡ።

«ዓይን አውጣው ካባቴ ርስት ላይ ከተጎለተ ይኸው ሁለት ክረምት! እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አላለኝም» አሉ።

ንዴታቸው ተጋባብኝ። እኔ ግፍ አልወድም! «ኀፍረተ ቢስ፣ የድኻ ርስት ነጣቂ፣ ከነጓዙ ተጠራርጎ ይውጣልኝ» እያልኩ የስድብ ናዳ አወረድኩበት። ሳነብላቸው «አበጀህ!» ብለው አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ።

«አባቴ፣ የተከሳሹን ስም ባዶ ትቼዋለሁ፤ ማን ብዬ ልሙላው?» አልኳቸው።

ወይራውን ቀና ብለው አዩና፣ «እኔ ምን አውቄ! ይኸን ወይራ የተከለው አባቴ ነው፤ ስምህን ማን ይሉሃል?» አሉኝ።