በቅሎዋ ላይ ያሰርኩት ሄልሜት

የአባቴን መርዶ የሰማሁት ኮን ከተማ ነው፤ እዚያ አስተምር ነበር። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ደጄ ላይ ተሰብስበው ሳያቸው ገባኝ። ላሊበላ ስደርስ ቀብሩ አልፏል። አፈር እንኳ አላለበስኩትም። አዘንኩ ብል ውሸት ነው፤ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። በማን ላይ እንደምወጣው ስላጣሁ፣ ሠልስቱ ላይ አባቴ ማን እንደነበረ ለአገሩ ሁሉ አሳያለሁ ብዬ ቆርጬ ተነሳሁ።

አባቴ የጦር አውሮፕላን አብራሪ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ሠራዊቱ ተበተነ፤ እሱም ከተሃድሶ ካምፕ ወጥቶ ወደ ላስታ፣ ወደ ካህኑ አባቱ አገር ተመለሰ። እርሻው አልሆንለት ሲል በቅሎ ገዛና ይምርሐነ ክርስቶስ የሚሄዱ እንግዶችን ያመላልስ ጀመር። ሰው ወታደር እንደነበረ ያውቃል፤ የምን ወታደር ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። በዚያን ጊዜ የድሮ ሠራዊት መባል የሚያኮራ ነገር አልነበረም። ስሙ «ባለ በቅሎው» ሆኖ ቀረ።

እኔን ግን ደሜን ያፈላው ነበር። ሰማይ ሲጋልብ የኖረ ሰው በቅሎ ጎታች ይሁን? አንድ ቀን ይህንኑ ፊት ለፊት ነገርኩት። ሳቀብኝና «በቅሎ አትከሰከስም» አለኝ። ስለ ጦርነቱ ያወራኝ አንድ ነገር ቢኖር የተወለደበትን መንደር ከላይ ሆኖ ማየቱን ብቻ ነው። አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ እኛ እናንጋጥጣለን፤ እሱ አጎንብሶ የኮርቻውን መቀነቻ ያጠብቃል።

ወደ ብልባላ በሚወስደው መንገድ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት አልቃሽ ነበሩ። እማማ እንላቸዋለን። እሳቸው ያልቆሙበት ለቅሶ እንደ ለቅሶ አይቆጠርም። አባቴ በየሳምንቱ አንድ ቀን፣ እንግዳ ቢመጣም ባይመጣም፣ እህላቸውን በበቅሎ ጭኖ ወፍጮ ቤት አድርሶ ዱቄቱን ይመልስላቸዋል። ዝናብ አያስቀረው፣ ሕመም አያስቀረው። እናቴን ምን ነካው ብዬ ስጠይቃት «ተዪው፣ እሱ የሚያውቀው አለው» ትለኛለች። እኔም የዋህ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

በእኛ አገር ለቅሶ የሟች በቅሎ ኮርቻዋን ለብሳ፣ ልብሱና መሣሪያው ተጭኖባት ሕዝቡ መሃል ትዞራለች። አልቃሽ የተጫነውን እያየች ነው የሟችን ሙያ የምታነሳው። ጋቢ ብቻ ከተጫነ ጋቢ የለበሰ ሰው ሞተ፣ በቃ። ስለዚህ ጠዋት ከአልጋው ሥር የብረት ሳጥኑን ጎተትኩ። ውስጡ ነጩ ሄልሜቱና አንድ ፎቶግራፍ ነበሩ፤ ጎልማሳው አባቴ ከአውሮፕላኑ መሰላል አጠገብ፣ ሄልሜቱን በብብቱ ይዞ።

እናቴ በር ላይ መጥታ ቆመች። «አንቺ ልጅ፣ መልሺው። ጋቢውን ጫኚና ይብቃ።»

«አባቴ ባለ ጋቢ ብቻ ነው እንዴ?»

«ያ ሳጥን እንዲከፈት አይወድም ነበር።»

«እሱማ ሞቷል» አልኳት።

ይህ ቃል ከአፌ መውጣቱ ዛሬም ያሳፍረኛል። እናቴ የምትነግረኝ ነበራት፤ ግን ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ ነበር፣ ሴቶቹም እጇን ይዘው ወሰዷት።

ሜዳው ላይ እማማ መሃል ቆመው ጀምረዋል። የካህን ልጅ፣ የደካማ እግር፣ ከሰው ደጅ ክረምት ከበጋ የማይቀር እያሉ ሙሾ ሲያወርዱ ሕዝቡ ደረቱን ይደቃል። እውነቱን ለመናገር እኔ አልረካሁም። የሚያለቅሱት ለባለ በቅሎው ነው። ሄልሜቱን ኮርቻው ላይ አጥብቄ አስሬ፣ ፎቶግራፉን ደረቴ ላይ ይዤ፣ በቅሎዋን እየሳብኩ ገባሁ።

እማማ ሄልሜቱን አዩት፤ ምን እንደሆነ አላወቁትም። ሙያውን ለማንሳት ስለፈለጉ ጠጋ ብለው ቀስ ብለው ጠየቁኝ። «ልጄ፣ ይህ ምንድን ነው?»

ሁሉም እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። «አባቴ የጦር አውሮፕላን አብራሪ ነበር፣ እማማ። ይህን አድርጎ ነበር የሚዋጋው። በዚህ በአገራችን ላይ ሳይቀር በርሯል።»

ደረታቸውን ሊመቱ ያነሱት እጅ እዚያው ቀረ።

«በጦርነቱ ጊዜ?»

«አዎ» አልኩ፣ ኮራ ብዬ።

እማማ መሬት ላይ ተቀመጡ። ለቅሶው ቀጥ አለ። ያን ያህል ሰው ባለበት ሜዳ የበቅሎዋ ልጓም ሲንኳኳ ይሰማኛል። ከጎኔ የነበሩ ሽማግሌ ወደ ጆሮዬ ዘንበል ብለው «ምነው ልጄ» አሉኝ፤ «የሳቸው ልጆች እኮ በአውሮፕላን ድብደባ ነው ያለቁት። ሁለቱም። ከገበያ ሲመለሱ።»

ክው አልኩ።  እማማ ልጆች እንደሞቱባቸው አውቃለሁ፤ እንዴት እንዳጧቸው ግን ጠይቄ አላውቅም። ያኔ ነው በየሳምንቱ የተጫነው ጆንያ ሁሉ ፊቴ ላይ የተደረደረው።

እማማ እኔን አላዩኝም። ቀና ብለው እናቴን ጠየቋት። «የልጆቼን ነገር ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር፣ እማማ» አለች እናቴ።  «እሱ ይሁን ሌላው አብራሪ፣ ያንን ግን እሱም አያውቅም። በዚያ ሰሞን በዚህ በኩል ከበረሩት አንዱ ነበር። ዛሬስ እነግራቸዋለሁ እያለ ይወጣል፤ ዱቄቱን አድርሶ ሳይነግርዎ ይመለሳል። ይኸው ሳይነግርዎ ሞተ።»

እማማ አሁን ተነስተው ከሄዱ ሕዝቡም ተከትሏቸው ይበተናል። አባቴ ሳይለቀስለት ሊቀር ነው፤ ያደረግሁትም እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ። ከዳር ያሉ ወንዶች ጋቢያቸውን ሲያስተካክሉ አየሁ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እማማ ተነሱ። ወደ በቅሎዋ መጥተው ያሰርኩትን ገመድ ፈቱት፤ ጠንካራ ቋጠሮ ነበርና ጊዜ ወሰደባቸው። ሄልሜቱን እጄ ላይ አስቀመጡት። ጋቢውን ግን አልነኩትም። ልጓሙን ከእጄ ተቀብለው በቅሎዋን ራሳቸው እየሳቡ መዞር ጀመሩ፤ ሲዞሩም የሁለቱን ልጆቻቸውን ስም ጠርተው አለቀሱ።

ያኔ አውሮፕላኑ ይመለሳል ተብሎ ተፈርቶ ልጆቹ ያለ ለቅሶ ነበር የተቀበሩት። ይህንን የሰማሁት በኋላ ነው። ለአገሩ ሁሉ ያለቀሱት ሴት ለልጆቻቸው ሜዳ ወጥተው አያውቁም። አሁን በአባቴ በቅሎ፣ በአባቴ ጋቢ ለቅሷቸውን አወጡላቸው። ሕዝቡ ተቀበላቸው። እናቴም ነጠላዋን አገልድማ ከኋላቸው ገብታ ደረቷን ትመታ ጀመር።

ሦስተኛው ዙር ላይ እማማ ድምፃቸው ተዘጋ። የበቅሎዋን አንገት ተደግፈው ጋቢውን በእጃቸው ጨበጡት።

«እንግዲህ እህሌን ማን ያደርስልኛል» አሉ፤ በዜማ አልነበረም፣ እንደ ወሬ ነው የተናገሩት።

ለአባቴ የተለቀሰው ይኸው ነው። እኔ ሄልሜቱን ታቅፌ መሃል ሜዳ ቆሜያለሁ፤ የት እንደማስቀምጠው አላውቅም።