ሳሎን ውስጥ የተሻገርነው ሐይቅ

ልብስ ዘፍዝፌ ሳሙና አለቀብኝ። የመግዣ ሳንቲም ፍለጋ ሶፋውን ስስበው ከሥሩ አንድ ቁራጭ የልብስ ሳሙና ተንከባሎ ወጣ። ደርቋል፣ ሽታው ግን አልለቀቀውም። በስድስቱም ፊቱ ላይ በምስማር የተወጉ ነጥቦች አሉት። የልጄ ዳይስ ነው።

ልንገርሽማ። ያን ጊዜ እዚህ አምቦ ልጄ ከበር ስትወጣ ነፍሴ አብራት ትወጣ ነበር። ከትምህርት ቤት ሌላ የትም አልሰዳትም። እሷም ዝምተኛ፤ አስተማሪ ሲጠይቃት አንገቷን ደፍታ ዝም።

ጨዋታውን ያመጣው ጓሮ ክፍላችንን የተከራየው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። እሱ ታሪክ ይጀምራል፤ ልጄና የጎረቤት ልጆች አንዱ ፈረሰኛ፣ አንዷ ሐኪም ሆነው የሚያደርጉትን ይናገራሉ። መሳካቱን ልጄ ከሳሙና የቀረጸችው ዳይስ ተጥሎ የሚወጣው ቁጥር ይወስናል።

"እዚሁ ሳሎን፣ ዓይኔ ሥር ተጫወቱ" አልኳቸው።

አንድ ቅዳሜ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ተከራዩ "እትዬ፣ ጀልባ ቀዛፊ ጎደለን፤ እርስዎ ይሁኑልን" አለኝ።

"እኔ? ፊደል በቅጡ ያልቆጠርኩ?"

"ወንጪ አይደል የተወለዱት? ሐይቁን ያውቁታል።"

የሽሮ ማማሰያዬን እንደያዝኩ መጣሁ። ልጆቹ ሴትነቴን ረስተው፣ አቶ ቀዛፊ እንደማለት "ኦቦ! አካም ጅርቱ?" እያሉ በኦሮምኛ ሰላምታ ብድግ አሉልኝ። ማዶ ላለች በሽተኛ መድኃኒት ማድረስ አለባቸው።

"አላሻግርም፤ ነፋስ ተነሥቷል" አልኩ።

"ፈረሴን ልስጥዎት" አለ ፈረሰኛው።

"ፈረስህ ይዋኛል?"

በሳቅ ተንከተከቱ። እኔ ግን የእውነት ፈርቼ ነበር፤ ውሃው ታየኝ።

ያኔ ሐኪሟ፣ ልጄ፣ ተነሣች። ዓይን ዓይኔን እያየች፣ "ኦቦ፣ የሚፈሩት ለእኛ እንደሆነ ገብቶኛል። ማዶ ያለችውም ግን የሰው ልጅ ናት። ቀስ ብለው ይቅዘፉ፤ ማዕበል ካየሁ 'እንመለስ' የምለው እኔው ነኝ" አለች።

ይህን ያህል ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ተከራዩ ዳይሱን ሲያቀብለኝ፣ "ዳይስ ምን ያደርጋል? ግቡ!" አልኩ።

በማማሰያዬ ቀዘፍኩ። ማዶ ስንደርስ ሽሮው አሮ ቤቱን ሽታው ሞላው። የበሽተኛዋ መድኃኒት ይህ ነው እያሉ፣ እየተሳሳቁ በሉት።

ከዚያ ወዲያ ልጄ ክፍል ውስጥ እጇን ማውጣት ጀመረች። ሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲ ሲደርሳት መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት፤ ሻንጣዋን አንቄ አልለቅም አልኩ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "ኦቦ፣ ዛሬ ነፋስ የለም" አለችኝ።

ለቀቅኩ።

ልብሱ ተዘፍዝፎ ይቆይ። ዳይሱን ሶፋው ሥር መለስኩት፤ ስትመጣ እሷው ታግኘው።